ለፒካፕ ገዢዎች ማስጠንቀቂያ፦ ትንሽ ኪሎ ሜትር፣ የበሰበሰ ሻንሲ

በባሕር ዳር ያገለገለ ፒካፕ ለመግዛት የምትፈልጉ ሁሉ፣ ደላላው ከመኪናው ሳያደርሳችሁ በስልክ የሚላችሁን ታውቁታላችሁ፦ «የፕሮጀክት መኪና ነች፣ አንድ እጅ ነች፣ ኪሎ ሜትሯ ገና ነው።» እኔም ይህንኑ ሰምቼ 86,000 ኪሎ ሜትር የሚያሳይ ነጭ ደብል ጋቢና ገዛሁ፤ ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሥር የሚሸከመው የብረት አጽም፣ ከኋላ ጎማዎች በላይ በካቻቢቴ የሚበሳ ሆኖ ተገኘ። ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ንዴቴም ከሻጩ ይልቅ መኪናውን ፈትሾልኝ ገንዘቤን በተቀበለው መካኒክ ላይ ይብሳል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ መኪኖች ላይ ታክሱን ካከበደ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያሉት ፒካፖች ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወሩ ይሸጣሉ፤ ገዢና ሻጭ የሚከራከሩበት ዋና ነገርም ክሩስኮቶው ላይ የሚታየው የኪሎ ሜትር ቁጥር ሆኗል። ከወረታ ሩዝና ሽንኩርት ለማመላለስ መኪና ስፈልግ በአንድ ሰሞን ሁለት ቀረቡልኝ። አንደኛው ከደብረ ታቦር የመጣ፣ 290,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ፓራፋንጎው የተጨረመተ፣ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት፣ ሞተሩም ዘይት የሚያልብ ነበር። ሆኖም ከሥሩ ጎንበስ ብዬ ሳየው ሻንሲው የፋብሪካ ቀለሙን እንደያዘ ነበር፤ የተሸከመው ነገር ቢኖር ደረቅ አቧራ ብቻ ነው። ደላላው ግን ኮፋኖውን እንኳ እስኪከፍቱልን አልጠበቀም፤ «ይቺ የደከመች ናት፣ ጊዜዎን አያጥፉ» ብሎ ዋጋው በብዙ ወደሚበልጠው ወደ ነጩ ወሰደኝ።

የሙከራ ጉዞው በ2016 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ ነበር። 380 ሜትር ርዝመት ባለው በዚያ ለስላሳ አስፋልት ላይ አሮጌ መኪናም ስለማይጮኽ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ኮብልስቶን መንገድ እንድንታጠፍ ስጠይቅ ደላላው ሁለት ጊዜ ሌላ ወሬ አመጣብኝ። ከዚያም መኪናው እንዲፈተሽልኝ አንድ ጋራዥ ገባን። ጋራዡን የመረጠው ደላላው ነው፤ የፍተሻውን የከፈልሁት ግን እኔ ነኝ። መካኒኩ መኪናውን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ «ጋሼ፣ ይግቡ፣ በዓይንዎ ይዩ» አለኝ። ሻንሲው ከፊት እስከ ኋላ በአዲስ ጥቁር ቀለም ያብረቀርቃል። ስለ ቀለሙ ስጠይቀው ዝገት መከላከያ እንደሆነ፣ ጠንቃቃ ባለቤት ሁሉ እንደሚያስቀባው ነገረኝ። በትንሽ መዶሻ ከጋቢናው በታች ሲመታው ብረቱ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወደ ኋላ እንዲሄድና በባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን በሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ፣ መያዣ በኩል እንዲመታልኝ ስለምነው፣ መዶሻውን በኪሱ ከትቶ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋን ሊገዟት ነው ሊሰብሯት?» አለና ከላይ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። ደላላውም የጃፓን ሻንሲ ዝገት እንደማያውቀው አከለበት። ለነገሩ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ታኮማ፣ ተንድራና ሴኮያ በተባሉት መኪኖቹ ሻንሲ መዛግ ምክንያት ተከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር በተገመተ ስምምነት መኪኖቹን ሊመረምርና የተበላሸውን ሻንሲ ሊቀይር ተስማምቷል።

ስም ተዛውሮ ገንዘቡም ከተከፈለ በኋላ፣ ሩዝ ጭኜ ከወረታ ስመለስ፣ ሐሙሲት ሳልደርስ ከበስተኋላዬ የብረት መሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ፤ ካሶኒውም ወደ ግራ ዘመመ። የጠራሁት በያጅ ከሥር ገብቶ ካቻቢቴውን ሻንሲው ላይ ሲያስደግፈው እስከ እጀታው ጠለቀ። ጥቁሩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በእጅ ተላጠ፤ ከሥሩ የወጣው ደግሞ ድርብርብ የዝገት ቅርፊትና የደረቀ ጭቃ ነበር። በያጁ ሊበይድልኝ ሞክሮ ተወው፤ አዲሱን ላሜራ የሚያጣብቅበት ጤነኛ ብረት አጣ።

ተቀድዶ የወደቀውን ብረት በላስቲክ ጠቅልዬ ወደ ጋራዡ ሄድሁ። መካኒኩ ከልጆቹ ጋር ምሳ እየበላ ነበር፤ ከመቀመጫው አልተነሣም። «ምን ሆንህ?» አለኝ። ብረቱን ከፊቱ አስቀመጥሁት። በግራ እጁ አገላብጦ አየውና «ይሄማ ድሮም ነበር» አለ። ከነበረ ለምን እንዳልነገረኝ ስጠይቀው፣ ጉርሻውን እስኪውጥ አስጠበቀኝና እንዲህ አለኝ፦ «አንተ አጥብቀህ የጠየቅኸኝ ኪሎ ሜትሩን ነው። ትክክል ነው አልሁህ፤ ትክክል ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሐይቁ ዳር ግቢ ውስጥ ቆማ ሣር በቅሎባት ነበር፤ አስነሥቼ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ያልሄደች መኪና ኪሎ ሜትር ከየት ታመጣለች?» ቀለሙንስ ማን እንደቀባው ስጠይቀው ምንም አላፈረም፤ ጭራሽ ቅሬታውን ነገረኝ። «እኔ ነኛ! አንተ ልታያት በመጣህ ዋዜማ አምሽቼ ነው የቀባኋት፤ ሰውዬው የቀለሙን እንኳ እስካሁን አልከፈለኝም። ካገኘኸው ንገርልኝ።» ልጆቹ ሳቁ፤ እሱም እጁን ወደ ትሪው መለሰ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ያ 86,000 እውነት መሆኑ ነው። ቁጥሩ ትንሽ የሆነው መኪናው ለዓመታት ቆሞ ስለ ኖረ ነው፤ የበሰበሰውም እንዲሁ ቆሞ ስለ ኖረ ነው። የፒካፕ ሻንሲ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ስለሆነ፣ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ከሰኔ እስከ መስከረም የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል፣ ውጭ ላይ ሲታይ ደግሞ ብረቱ አልቋል። ጣና ጨው የለውምና መኪና አያዝግም የሚሉ ሰዎች አሉ። ጨው ዝገትን ያፋጥናል እንጂ ብረት ለመዛግ ውኃና አየር ይበቁታል።

ያ የደብረ ታቦሩ መኪና ፍሪሲዮኑ ይለወጣል፣ ዘይት የሚያልበው ጎሚኒ ይቀየራል፤ ባሕር ዳር ያጣችሁትን ዕቃ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ታገኙታላችሁ፤ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት የናፍጣ ሞተርም ከ300,000 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዱ ብርቅ አይደለም። ሻንሲ ግን የመኪናው መታወቂያ ቁጥር የተመታበት፣ ሊብሬው ላይም የተመዘገበ አካል ስለሆነ፣ ልለውጠው ብትሉ ከወጪው ባሻገር ከሰነድ ጋር የሚያጣላ ጉዳይ ነው።

ሻጩ በበኩሉ ስልኬን ያነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያነበበልኝም ውሉ ላይ ያለውን «ያለበትን ሁኔታ አይቼና ፈትሼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለትን በተንኮል የደበቀ ሻጭ በእንዲህ ዓይነቱ ቃል እንዲከለል አይፈቅድለትም፤ ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። እኔም በጽሑፍ አሳውቄዋለሁ።

ምክር ከፈለጋችሁ፣ መካኒኩን ራሳችሁ ከሌላ ሰፈር አምጡ፤ መዶሻውን ከኋላ ጎማዎች በላይና በባሌስትራው መያዣዎች ዙሪያ አስመቱ፤ ሥሩ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ መኪና ላይ፣ ቀለሙ ተፍቆ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ለፍተሻው የከፈልሁት በቴሌብር ስለሆነ መልእክቱ በእጄ ነው። በደላላ መሪነት እንዲሁ መኪና አስፈትሻችሁ በኋላ ከሥሩ ትኩስ ጥቁር ቀለም ያገኛችሁ ካላችሁ፣ የክፍያ መልእክታችሁን አታጥፉት፤ ክሱን ስመሠርት ከእኔ ሌላ የሚመሰክር ሰው ያስፈልገኛል።