ፒያሳ ያለው የባዮሎጂ ቱቶር (ደሴ)፣ እኔ እንዳየሁት

የእህቴ ልጅ 11ኛ ክፍል ነው፣ ለፕሮጀክት ቦሎቄ አበቅላለሁ ብሎ ውሃውንም ብርሃኑንም አፈሩንም ባንዴ ሊቀያይር ነበር እኔም አሪፍ ነው ብዬው ነበር ሃሃ። ፒያሳ ጋ ያለ አንድ ቱቶር ቤት ወሰድኩት። አስተማሪው ገና ቁጭ ሳይል «አንዱ በቅሎ አንዱ ቢቀር በምን ምክንያት ነው ልትል ነው?» ሲለው ልጁ ጭጭ። ብርሃንን ከፕሮጀክቱ አስወጣው፣ ቦሎቄ ለመብቀል ብርሃን አይፈልግማ፣ ሙቀትንም ተወው አለው፣ ኢንኩቤተር (ሙቀትን እኩል የሚይዝ ሳጥን) ከሌለ በደሴ ብርድ ማን ይቆጣጠረዋል። መጨረሻ ጨው ላይ ተስማሙ፦ በ1 ሊትር ውሃ 0፣ 5፣ 10 እና 20 ግራም፣ 0ው ማወዳደሪያ፣ በየሳህኑ ጥጥ ላይ 20 ፍሬ፣ ጥጡም የሚጠጣው ውሃም የሚቀመጥበት ቦታም አንድ አይነት፣ ከዛ በየቀኑ የበቀለውን መቁጠር ብቻ። ለምን በሊትር ስለው በትንሽ ውሃ ከሆነ ጨው ግማሽ ግራም ምናምን ይሆናል፣ እሱ ደግሞ በወጥ ቤት ሚዛን አይመዘንም አለኝ፣ እዚህ ጋ ተመቸኝ በቃ።

ክፍሉ ግን ጠባብ ነው፣ ሁለቴ ደግሞ ግማሽ ሰዓት አስጠብቀውናል፣ ይቅርታም የለ። ዋጋውም ከበድ ይላል። ለፕሮጀክት ከሆነ ግን ሂዱ፣ ለማትሪክ ጥናት አልሞከርኩትም።