ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ፦ ከኢንዛይም ለሚሸጋገሩ

ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ኢንዛይም የሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ኮምፖነንቶችን፣ ማለትም ገጹ የሚገነባባቸውን ክፍሎች፣ ለመፈተሽ ለዓመታት ቀዳሚው ምርጫ ነበር። ለእያንዳንዱ ዋና የሪአክት ቨርዥን የራሱ አዳፕተር (ማገናኛ) ስለሚያስፈልገው ግን፣ ይፋዊው አዳፕተር ሪአክት 16 ላይ ሲቀር መሣሪያው ራሱም አብሮ ቆመ። ፕሮጀክታችንን ወደ ሪአክት 18 ለማሳደግ ስንነሣ ቴስቶቹን ሁሉ ወደ ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ከማዛወር በቀር ሌላ መንገድ አላገኘንም።

ሥራው ስም እየቀየሩ መገልበጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። ኢንዛይም የኮምፖነንቱን ስቴት (በውስጡ የያዘውን መረጃ) ከውስጥ ገብቶ እንዲያዩት ይፈቅዳል፤ አዲሱ ላይብረሪ ግን ይህን በር ዘግቶ፣ ተጠቃሚው በገጹ ላይ የሚያገኘውን ብቻ እንዲፈትሹ ያስገድዳል። ለምሳሌ የአንድ መስኮት መዝጊያ ቴስት በኢንዛይም ሁልጊዜ ያልፍ ነበር፤ ቴስቱን መዝጊያውን «በተን» በሚለው ሮል (አንድ የገጽ አካል ምን እንደሆነ በሚገልጽ ስያሜ) እንዲፈልገው አድርጌ ስጽፈው ግን ወደቀ። መዝጊያው ለካ ክሊክ የተሰጠው ተራ ዲቭ (የራሱ ትርጉም የሌለው የገጽ ሳጥን) ኖሯል፤ በኪቦርድ ብቻ የሚሠራ ሰው ሊደርስበት አይችልም ነበር።

በአማርኛ ገጾች ላይ ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። የቅጹን መስክ በመለያ ጽሑፉ ሲፈልጉት ፊደላቱ በትክክል መግጠም አለባቸው፤ እኔ ቴስቱ ላይ «ዓመተ ምሕረት» ብዬ ስጽፍ ቅጹ ላይ «አመተ ምህረት» ተብሎ ስለነበር፣ ጆሮ የማይለየውን ቴስቱ ለይቶ ጣለው። በዚሁ ሰበብ በየቅጹ የተዘበራረቀውን አጻጻፍ አስተካከልን።

ከባዱ ክፍል በኢንዛይም ሻሎው ሬንደር (ኮምፖነንቱን ብቻውን ላይ ላዩን በማሳያ ዘዴ) የተጻፉት ቴስቶች ናቸው። ሻሎው የልጅ ኮምፖነንቶችን ስለማያሳይና ዩዝ ኢፌክትን (ኮምፖነንቱ ከታየ በኋላ የሚሠራውን ኮድ) ስለማያስኬድ ቴስቱ ቀላል ነበር፤ አሁን ግን ሁሉም በሙሉ ስለሚሠራ እያንዳንዱ ቴስት ፕሮቫይደሩን (የጋራ መረጃ የሚያቀብለውን ኮምፖነንት) ይጠይቃል። ሁሉንም ፕሮቫይደሮች የሚያለብስ አንድ የራስ ሬንደር ፈንክሽን አስቀድሞ መጻፍ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ቅሬታም አለኝ። በሮል መፈለግ ትልልቅ ሠንጠረዦች ላይ ቀርፋፋ ነው፤ ከዩዘር ኢቨንት (የተጠቃሚን ክሊክና ጽሕፈት የሚያስመስል ተጓዳኝ ላይብረሪ) 14 ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ክሊክ አዌይት (እስኪጨርስ ጠብቅ የሚል ትዕዛዝ) ስለሚፈልግ፣ አንዱን የረሳ ሰው አንዴ እያለፈ አንዴ እየወደቀ የሚያደክም ቴስት ይገጥመዋል።

በአንድ ሌሊት መቁረጥ ግን አያስፈልግም። ሁለቱ ላይብረሪዎች በአንድ ፕሮጀክት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ቨርዥን 13 ሪአክት 18ን ስለሚጠይቅ፣ በ16 ወይም በ17 ላይ ያለ ሰው ቨርዥን 12ን ጭኖ ፋይሎቹን ቀስ በቀስ ያዛውር፤ ኢንዛይምን ነቅሎ ሪአክትን የሚያሳድገው የመጨረሻው ፋይል ሲያልቅ ነው።