«ሄቪ ዱቲ» የተባለው ማራዘሚያ ምጣድ ይችላል?

ከሦስት ወር በፊት ከመርካቶ የገዛሁት ባለ 5 ሜትር የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ማሸጊያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ሄቪ ዱቲ» የሚል ተጽፎበታል፤ ሻጩም ከሌሎቹ ለምን እንደተወደደ ስጠይቀው ይህንኑ ቃል ደግሞልኝ የገመዱን ውፍረት በእጄ አስጨበጠኝ። በማሸጊያው ጎን ቃሉ በአማርኛ «ከባድ ግዴታ» ተብሎ ተተርጉሟል። ተርጓሚው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ሳነበው ሳቄ መጥቶ ነበር።

በጥንካሬው በኩል ቅሬታ የለኝም። በር ሲዘጋበትና ልጆች በብስክሌት ሲያልፉበት ቢከርምም ሽፋኑ አልተሰነጠቀም፤ ሶኬቶቹም ስፒናውን አጥብቀው ይይዛሉ። ችግሩ የታየው ባለ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣዳችን የተሰካበት ዕለት ነው፤ አምስተኛው እንጀራ ሳይወጣ ስፒናው በእጅ የማይነካ ሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታም ቤቱን ሞላው።

«ዱቲ» እዚህ ላይ ግዴታ ማለት አይደለም። በእንፋሎት ሞተር ዘመን የእንግሊዝ መሐንዲሶች አንድ ሞተር በተወሰነ መጠን የድንጋይ ከሰል ምን ያህል ውሃ ከማዕድን ጉድጓድ እንደሚያወጣ የሚለኩት በዚህ ቃል ነበር፤ ዛሬም በምህንድስና ቋንቋ አንድ መሣሪያ እንዲሸከመው የታሰበውን የሥራ ጫና ያመለክታል። «ዱረብል» የተባለ ዕቃ ዕድሜው ረጅም ነው ማለት ሲሆን፣ «ሄቪ ዱቲ» የተባለው ግን ከባድ ሥራ ሲጫንበት የማይበገር መሆን አለበት። በእኛ ገበያ ሁለቱ ተደባልቀው፣ ከሸራ እስከ ስቴፕለር ወፍራም የሆነ ሁሉ «ሄቪ ዱቲ» ይባላል።

የአውሮፓ የገመድ ደረጃ ልዩነቱን በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ «ኤች05ቪቪ-ኤፍ» የሚል የታተመበት ባለ ፕላስቲክ ሽፋን ገመድ ለመደበኛ ጫና፣ «ኤች07አርኤን-ኤፍ» የሚለው ባለ ጎማ ሽፋን ደግሞ ለከባድ ጫና የተሠራ ነው። የእኔን ገመድ በመነጽር ሳየው የመጀመሪያው ምልክት አለበት፤ ከጎኑም «3ጂ1» ይላል፤ ይኸውም የመሬቱን ጨምሮ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱም 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሽቦ በተለምዶ 10 አምፔር ያህል የሚታመንበት ሲሆን፣ ምጣዱ ግን በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ በእጄ የጨበጥኩት ውፍረት የፕላስቲኩ እንጂ የመዳቡ አልነበረም። የሚገርመው፣ ገመዱ ራሱ እውነቱን በደቃቅ ፊደል ተናግሯል፤ የዋሸው ማሸጊያው ነው።

ለቴሌቪዥን፣ ለመብራትና ለኮምፒውተር ብቻ ለሚፈልገው ሰው ዕቃውን ያለ ስጋት እመክራለሁ፤ ምንም እንኳ ለዚህ ያን ያህል መክፈል ባያስፈልግም። ለምጣድ፣ ለውሃ ማሞቂያና ለካውያ ግን አይሆንም። እኛ ቤት ምጣዱ አሁን ኤሌክትሪሺያን ከዘረጋለት፣ የራሱ ብሬከር ካለው ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ መስመር ላይ ነው የሚሰካው።