የጥርስ ሕክምና ዲግሪ፦ እጅን ያሠለጥናል፣ ውሳኔውስ?

ጥርስ ሕክምና ለመማር ያሰቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ "ስትመረቅ ብቻህን ታካሚ ማየት ቻልክ?" እያሉ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

እጅ ላይ ትምህርቱ ጎበዝ ነው፤ ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ። ፋንተም ላብ በሚባለው የልምምድ ክፍል ውስጥ የሰው ጭንቅላት በሚመስል አሻንጉሊት ላይ የፕላስቲክ ጥርስ ስንሰረስር ወራት ቆይተናል። መሰርሰሪያው በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የላይኛውን መንጋጋ ደግሞ በትንሽ መስታወት እያያችሁ ነው የምትሠሩት፣ መጀመሪያ ላይ እጃችሁን ወደ ፊት ስትሉት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይሄን ልምድ ሰው ላይ መጀመር አያስፈልግም፣ ያ ክፍል ታካሚን ከብዙ ጉዳት ያድናል። ዕቃ ማምከን ላይም ጥብቅ ነበሩ፣ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

የፕላስቲክ ጥርስ ግን አይፈራም። ምላስ የለው፣ ምራቅ የለው።

የተማሪዎች ክሊኒክ ስንገባ አንድ ጥርስ መሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር። ማደንዘዣ ወግታችሁ መምህር ታስፈርማላችሁ፣ ሰርስራችሁ ታስፈርማላችሁ፣ ሞልታችሁም ታስፈርማላችሁ። ለታካሚው ጥሩ ጥበቃ ነው፣ አልቃወምም። ችግሩ ውሳኔው ሁልጊዜ የሌላ ሰው መሆኑ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት የታችኛው መንጋጋ ጥርሳቸው ነርቭ ተቆጥቶ ሌሊቱን ሳይተኙ መጡ። ማደንዘዣ ወጋሁና "እማማ፣ ከንፈርዎ ደነዘዘ?" አልኳቸው። "አዎ ልጄ፣ ግማሽ ፊቴ የለም" አሉኝ። ጥርሱን ስነካው ግን ወንበሩን ጨብጠው ተነሡ። ከንፈር መደንዘዙ የጥርሱ ነርቭ መደንዘዙን አያረጋግጥም፣ በተለይ ነርቩ ሲቆጣ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ግን ሰው እያመመው ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ብቻዬን ወስኜ አላውቅም ነበር። ዞር ስል ከኋላዬ የሚቆም መምህር የለም። ሥራውን አቆምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ መርፌውን ከበፊቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ደገምኩና በደንብ ጠበቅኩ። ያኔ ያዘ። እጃቸውን ግን እስከ መጨረሻው ከወንበሩ አላነሡም፣ ያ እጅ አሁንም ይታየኛል።

በጣም የሚያናድደኝ ኮታው ነው። ለመመረቅ ይሄን ያህል መንቀል፣ ይሄን ያህል መሙላት አለባችሁ ስንባል ሰውን በጥርሱ ቁጥር መፈለግ ጀመርን። "የሚነቀል ያለው ሰው ታውቃላችሁ?" እንባባል ነበር። የነቀልኩላቸውን ሰዎች ተመልሼ አላየኋቸውም፣ ስለዚህ ከተነቀለ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚጀምረውን ከባድ ሕመም፣ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ሲለቅ የሚመጣውን፣ በዓይኔ ያየሁት ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ሩት ካናልም፣ ማለትም የጥርስ ሥር ውስጥ ያለውን የነርቭ ቦይ አጽድቶ መሙላት፣ ብዙውን የሠራነው አንድ ቦይ ባላቸው የፊት ጥርሶች ላይ ነው። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ጥርስ ግን ብዙ ጊዜ አራተኛ ቀጭን ቦይ አለው፣ ካለፋችሁት ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። ለክሊኒኩ ከ5 ኮከብ 3።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስለ ሕንፃውና ስለ ወንበሮቹ አዲስነት ብዙ አትጨነቁ። ተማሪዎቹን ለብቻ አግኝታችሁ አንድ ታካሚ ከመጀመሪያው ምርመራ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ በአንድ ተማሪ እጅ ይቆይ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከዚያ ደግሞ መምህሩ መልሱን ከመናገሩ በፊት "አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?" ይል እንደሆነ።