ቤታችንን ከድርጅት ስም ወደ ስማችን ላዞረችልን ጠበቃ፣ እግዜር ይስጥልኝ

የተመዘገበው ዲድ፣ የቤት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ሰነድ ማለት ነው፣ በባለቤቴና በእኔ ስም ሆኖ ባለፈው ሳምንት እጃችን ገባ። ፖስታውን እንደከፈትኩ እልል ብዬ ጎረቤት አስደነገጥኩ፤ አሁን ደግሞ እናንተን ላስቸግር ነው። አትላንታና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይ ቤት በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ስም ገዝታችሁ የተቀመጣችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ረዘም ይላል። አሳጥሮ መናገር እንደማልችል የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ባለቤቴና ታላቅ ወንድሙ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ በፈረንጆቹ 2011 ስቶን ማውንቴን አካባቢ አንድ ቤት ገዙ። ያኔ እዚህ የቤት ዋጋ ወድቆ ባንክ የወረሰው ቤት በየመንደሩ ሞልቶ ነበር። ሁለቱም ታክሲ ሲነዱ ያጠራቀሙትን አዋጥተው ያለ ብድር ነው የገዙት። አንድ ወዳጃቸው "በድርጅት ስም አድርጉት፣ ተከራይ ወድቆ ቢከሳችሁ ሌላው ንብረታችሁ አይነካም" ስላላቸው ኤልኤልሲ አቋቁመው ቤቱ በድርጅቱ ስም ሆነ። ምክሩ ክፉ አልነበረም፣ ቤቱ ኪራይ ላይ እስካለ ድረስ። በኋላ ግን እኛው ገባንበት፣ ልጆቻችንንም አሳደግንበት። ጋሼም ኩላሊቱን ሲታመም ከታች ያለችውን ክፍል አዘጋጅተንለት ከእኛ ጋር መኖር ጀመረ። እኛ እየኖርንበት ቤቱ የድርጅት ስለሆነ ሆምስቴድ የሚባለው የንብረት ግብር ቅናሽ አይመለከታችሁም ተባልን። ጋሼ ደግሞ ዲያሊሲስ ከጀመረ ወዲህ "ልጅ የለኝ፣ ድርሻዬ የእናንተ ነው፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ወረቀቱን ጨርሱት" እያለ ይጨቀጭቀን ጀመር።

እንግዲህ መከራችን የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የሄድነው የታክስ ወረቀት ይሠራልን የነበረ ሰው ጋ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ። ግድግዳው ላይ ኢሚግሬሽን፣ ፍቺ፣ ዲድ፣ ሁሉንም እንሠራለን የሚል ለጥፏል። "ኩዊትክሌም የሚባል ዲድ ነው፣ የአንድ ገጽ ነገር ነው" ብሎ ገንዘቡን በጥሬው ተቀበለን፤ ለካውንቲ (ዲድ ለሚመዘግበው የአካባቢው አስተዳደር) የሚከፈል ነው ብሎም ሌላ ጠቀም ያለ ብር ጨመረበት። ደረሰኝ የለም። ባለቤቴ ፈረመ፣ ካውንቲው ማኅተሙን አድርጎ መለሰው። "ይኸው፣ ቤቱ የእናንተ ነው" አለን። እኛም ደስ ብሎን ምሳ ጋበዝነው። ያንን ምሳ ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቆይቶ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር በቤቱ ዋስትና ለመበደር ባንክ ሄድን። ባንኩ መዝገቡን አስመርምሮ "ይህ ቤት የእናንተ አይደለም፣ የድርጅት ነው" አለን። የተመዘገበውን ወረቀት አሳየን። "አይተነዋል፣ ግን አይሠራም" አሉ። ለምን እንደማይሠራ የሚነግረን ግን አልተገኘም። ወደ ሰውዬው ተመለስን፤ ባንኩ ነው የተሳሳተው አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩን ማንሳት ተወ። ሌላ ቢሮ ሄድን፤ ለማናገር ብቻ አስከፍለውን ወረቀቱን ሳይገልጡ ፍርድ ቤት ካልሄዳችሁ አይሆንም አሉ። ሌላው ደግሞ የመጀመሪያው ምን እንደነካው እንኳ ሳይጠይቅ "ሌላ ኩዊትክሌም እንጽፍላችኋለን፣ ነገ ኑ" አለ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ እኔን እንደ ደንቆሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነበር የምታናግረኝ። ቋንቋው ገብቶኛል እኮ፤ ያልገባኝ ሥራችሁ ነው ብያት ወጣሁ።

ይህቺን ጠበቃ የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ናት። ቢሮዋ ዲኬተር፣ ከዲካብ ካውንቲ ፍርድ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። አበሻ አይደለችም፣ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ትላለች። ገብተን እንደተቀመጥን ምንም ሳትናገር ያንን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወደ እኛ አዙራ ጣቷን ሰጪው የተጻፈበት መስመር ላይ አስቀመጠች።

"የቤቱ ባለቤት ማን ነበር?" አለች። "ድርጅቱ" አልናት። "እዚህ ላይ ሰጪው ማነው?" ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየ። የራሱ ስም ነው። የድርጅቱ ስም የትም የለም።

በቃ፣ ይኸው ነው። ባንኩም ያልነገረን፣ ገንዘባችንን የበሉትም ያላዩት ነገር ይኸው ነው። እንዳስረዳችን ኩዊትክሌም ማለት ፈራሚው "በዚህ ቤት ላይ መብት ካለኝ ለቅቄልሃለሁ" የሚልበት ወረቀት ነው። መብት አለኝ ብሎ ዋስ አይሆንም። ፈራሚው ምንም ከሌለው ተቀባዩም የሚያገኘው ምንም ነው። ቤቱ የድርጅቱ ስለሆነ መስጠት የሚችለው ድርጅቱ ብቻ ነው፤ ባለቤቴም መፈረም የነበረበት በድርጅቱ ስም፣ ስለ ድርጅቱ ሆኖ ነው። የካውንቲው ማኅተም ደግሞ ወረቀቱ ተመዝግቧል ይላል እንጂ ትክክል ነው አይልም። መዝጋቢው ክለርክ ሰጪው የእውነት ባለቤት መሆኑን አይመረምርም። እንዲያውም ጆርጂያ ውስጥ ለሌላ ሰው ዲድ ማዘጋጀት የጠበቃ ሥራ ነው፣ ታክስ ሠሪ እንዲሠራው አይፈቀድለትም አለችን። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እኔ ግን ዝም አላልኩም።

ደግሞ ሌላ ጉድ ወጣ። ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ ድርጅቱ በስቴቱ መዝገብ ላይ እንደፈረሰ አሳየችን። ለካ ጆርጂያ ውስጥ ኤልኤልሲ በየዓመቱ ከጥር 1 እስከ ሚያዝያ 1 ባለው ጊዜ ምዝገባውን ማደስ አለበት (በፈረንጆቹ ማለቴ ነው)። ያ ሰውዬ በየዓመቱ ለዚህ እያለ ያስከፍለን ነበር፣ አላደሰውም። እሷ አንገቷን ነቀነቀችና "መጀመሪያ ድርጅቱን እንቀሰቅሰዋለን፣ ከዚያ ቤቱን ያስረክባል" አለች። እንዳለችውም አደረገች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ አልተከተልኩትም፣ እውነቱን ልናገር። ዲዱን ከመጻፏ በፊት ለታክስ ሒሳብ አዋቂ እንድናሳይ ላከችን፤ ድርጅቱ ለታክስ ኤስ ኮርፖሬሽን የሚባለው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ቤቱን በገበያ ዋጋ እንደሸጠው ተቆጥሮ ታክስ ሊመጣብን ይችል ነበር አሉ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። የእኛ እንደዚያ አልነበረም፣ ተመስገን። ስለ ታይትል ኢንሹራንስም (የቤት ባለቤትነት መብት መድን ነው) ከኩባንያው ጋር ተጻጽፋለች። ቤታችሁ ብድር ካለበት ደግሞ ስም ከማዞራችሁ በፊት አበዳሪውን ጠይቁ፣ አለዚያ ብድሩን ባንዴ ክፈሉ ሊላችሁ ይችላል ብላ እኛን ባይመለከትም ነግራናለች፤ ለሚመለከተው አደርሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሱ ነውና።

የሁለቱም የድርጅቱ አባላት ስምምነት ያስፈልጋል፤ ጋሼ ደግሞ ከዲያሊሲስ በኋላ መቀመጥ እንኳ ያቅተዋል። እንዴት እናምጣው ብለን ስንጨነቅ "ለምን ታንገላቱታላችሁ፣ እኔ እመጣለሁ" አለች። ቅዳሜ ጠዋት ኖተሪ፣ ማለትም ፊርማ አረጋጋጭ፣ የሆነችውን ረዳቷን ይዛ ቤታችን መጣች። እዚህ ዲድ በሁለት ምስክር ፊት ነው የሚፈረመው፣ አንዱ ኖተሪ ወይም ሕግ የፈቀደለት ሌላ ባለሥልጣን መሆን አለበት። እኔ ሁለተኛዋ ልሁን ብዬ ብዕር አነሳሁ። "አንቺ እኮ ተቀባይ ነሽ" ብላ ሳቀችብኝና ጎረቤታችን ተጠራ።

ከዚያ ሁላችሁም ውጡልኝ አለች። ከጋሼ ጋር ብቻዬን መነጋገር እፈልጋለሁ፣ ባለቤትሽም ይውጣ አለች። በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ይዛ መጥታለች፣ እኛ እንዳናስተረጉም። ደሜ ፈላ። ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን እያንጓጓሁ "ምን ልታስብ ነው? አታለልነው ልትል ነው?" እላለሁ። ባለቤቴ "ተይ እስቲ" ይለኛል፣ እሱም ግን ፊቱ ጠቁሯል። ቆዩ። በሩ ሲከፈት ጋሼ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ብሏል፣ ፊቱ በርቷል።

ምን ጠየቀችው መሰላችሁ? ማንም አላስገደደህም ወይ፣ ከፈረምክ በኋላ በቤቱ ላይ መብት እንደማይኖርህ ታውቃለህ ወይ ካለችው በኋላ "ታዲያ አንተ የት ትኖራለህ?" አለችው። ጋሼ "ከነሱ ጋር ነዋ" ብሎ መለሰላት። "እነሱ ካንተ ቀድመው ቢሞቱስ? ቤቱ ቢሸጥስ?" አለችው። ይህን ማንም አላሰበውም፣ እሱም እኛም። የዚያን ቀን ሳታስፈርም ሄደች። በሚቀጥለው ሳምንት ጋሼ ዕድሜ ልኩን በዚያች ክፍል የመኖር መብት እንዳለው የሚገልጽ ሌላ ወረቀት ጨምራ መጣችና ሁሉም ተፈረመ። ለዚያ ተጨማሪ ወረቀት አንዲት ሳንቲም አልጠየቀችም።

እሷ ከሄደች በኋላ ጋሼ ያለኝን አልረሳውም። "ሐኪም ቤት ስንሄድ እኔ ተኝቼ አንቺን ነው የሚያናግሩት። ይቺ ሴት ግን እኔን ነው ያናገረችው" አለኝ። ስድሳ ዓመት አልፎት፣ ስንቱን ሱዳን በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው ነው። ደርግን ሸሽቶ ካርቱም ሲኖር ለወንድሙ ትምህርት ቤት ይከፍል የነበረ ሰው። ያን ሁሉ ለእሷ አጫውቷታል፣ ለእኔ እንኳ ያልነገረኝን ጭምር። ሳህን ማንጓጓቴን ግን ሰምቷል፣ እስካሁን ይስቅብኛል።

ስለ ክፍያ ለምትጠይቁ፦ ዋጋዋን መጀመሪያውኑ በጽሑፍ ነገረችን፣ መጨረሻም ላይ ያው ነበር። ካውንቲው ዲዱን ለመመዝገብ የተቀበለው 25 ዶላር ነው፣ ደረሰኙን ሰጥታናለች። ያ ሰውዬ ለካውንቲ ብሎ የወሰደብንን ሳስበው ራሴን ያመኛል። ፒቲ 61 የሚባል የዝውውር ግብር ቅጽም አለ፤ ገንዘብ ስላልተለዋወጥን በሱ ላይ የከፈልነው የለም። ሆምስቴድ ለመጠየቅ በፈረንጆቹ እስከ ሚያዝያ 1 እንደሆነም አስታውሳ ማስታወሻ ላከችልን። በስማችሁ ዲድ ሲመዘገብ በኢሜይል የሚያሳውቅ የስቴቱ አገልግሎት አለ፣ ነፃ ነው፤ እዚያው ቁጭ አድርጋ አስመዘገበችን። እናንተም ተመዝገቡ፣ ጠበቃ አያስፈልገውም።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ለምናኛለች፤ ከአንዲት ረዳት ጋር ብቻዋን ነው የምትሠራው፣ ስልክ ቢበዛባት የያዘችው ሰው ይጎዳል ትላለች። ስለዚህ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። እባካችሁ ሂዱ። ወረቀታችሁ ማኅተም አለው ብላችሁ አትቀመጡ፣ ወስዳችሁ አሳዩአት። ደግሜ እላለሁ፣ አሳዩአት። ስትሄዱ የቤቱን ዲድ፣ ድርጅቱ የተቋቋመበትን ወረቀትና የአባላቱን ስምምነት ያዙ። እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ አስተርጓሚ እሷው ታዘጋጃለች፣ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። ዓርብ ከሰዓት ቢሮዋ ዝግ ነው።