አንድ ቀን በሊንዝ፦ አርስ ኤሌክትሮኒካን ሄጄ አየሁት

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ዋጋ ስትነግረኝ፣ እኔና የ12 ዓመት ልጄ ከቪየና ወደ ሊንዝ በሚሄደው የጠዋት ባቡር ላይ ነበርን። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ በየዓመቱ «ዘንድሮስ እሄዳለሁ» እያልኩ ሳልሄድ ቀርቻለሁ። ዘንድሮ ግን ልጄ «እማዬ፣ ሮቦቶች አሉ አሉ፣ ውሰጂኝ» ብላ ስትጨቀጭቀኝ ትኬት ቆረጥኩ። እሁድ ሥራ ስለምገባ የነበረችን አንድ ቀን ብቻ ናት። ስለዚህ ይህ የአንድ ቀን እንግዳ አስተያየት ነው፤ አምስቱንም ቀን የቆየ ሰው ብዙ የሚጨምረው ይኖረዋል።

ለማታውቁት ትንሽ ልበል። አርስ ኤሌክትሮኒካ ኪነ ጥበብን፣ ቴክኖሎጂንና ማኅበረሰብን አንድ ላይ የሚያመጣ ፌስቲቫል ነው። የተጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። ሊንዝ የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት፣ ዛሬም ፋብሪካው አለ። ኮምፒውተር በሰው ቤት ባልነበረበት ጊዜ «ይህ ማሽን ኑሯችንን ምን ያደርገዋል?» ብለው ከተነሱት ሰዎች አንዱ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጋዜጠኛው ሐነስ ሊዮፖልድሰደር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የአንቶን ብሩክነርን 8ኛ ሲምፎኒ ዳኑብ ዳር ባለው መናፈሻ በትልልቅ ድምፅ ማጉያ ለቀቁት። የከተማው ሰው ደግሞ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ አውጥቶ እንዲከፍት ተጠየቀ። ይህን ሳነብ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። የሬዲዮ ድራማ በሚተላለፍበት ሰዓት ሱቅ ስላክ፣ ድምፁ ከየቤቱ ስለሚወጣ አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ደርሼ እመለስ ነበር። ሊንዞች ይህንኑ ነገር በሲምፎኒ አደረጉት ማለት ነው። «የድምፅ ደመና» ይሉታል፤ ዛሬም በየዓመቱ በፈረንጆቹ መስከረም በነፃ ይቀርባል።

የፌስቲቫሉ ዋና ቦታ ፖስትሲቲ ይባላል። ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ስለሆነ ታክሲ ምናምን አያስፈልግም። ድሮ የፖስታ ቤት የጥቅል መለያና ማከፋፈያ ነበር። ግዙፍ ነው። ኮንክሪቱ እንዳለ ነው፤ ቀለም ቀብተው አላሽሞነሞኑትም፣ ደግ አደረጉ። ጥቅሎቹ ከላይ ወደ ታች የሚንሸራተቱባቸው ጠመዝማዛ ብረቶችም እንደቆሙ አሉ። ልጄ ገና ከመግባታችን «እማዬ፣ ሸርተቴ ነው?» አለችኝ። ሸርተቴስ ሸርተቴ ነው፣ ግን የዕቃ ነበር። ቀና ብላ እያየች «ስንቱ ሰው የላከው ዕቃ በዚህ አልፏል» ስትል እኔም ከልቤ ቆምኩ። ስንት ጊዜ ነው ከዚህ አገር ወደ ቤተሰብ ካርቶን የላክሁት!

የዘንድሮው መሪ ጥያቄ «ፓኒክ፦ አዎ ወይስ አይ» የሚል ነው። መደንገጥ አለብን ወይስ የለብንም ማለት ነው። ርዕሱ ራሱ ብዙም አልማረከኝም፤ ሥራዎቹ ግን ከርዕሱ ይበልጣሉ።

አንዱን ላውራችሁ። ናቪድ ናቫብና ጋርኔት ዊሊስ የሚባሉ ከካናዳ የመጡ አርቲስቶች የሠሩት ነው፤ በድምፅ ጥበብ ዘርፍ ዋናውን ሽልማት አግኝቷል። መቶ ዓመት ያለፈው የቧንቧ ኦርጋን አለ፤ አየር በቧንቧዎቹ ሲነፋ የሚጮህ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከሱ ጋር ደግሞ ሦስት ክንድ ያለው ፔንዱለም አለ። ፔንዱለም ያው የድሮ የግድግዳ ሰዓት ላይ ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ነገር ነው። አንድ ክንድ ብቻ ቢሆን እንቅስቃሴው ቀድሞ ይታወቃል። አንዱ ክንድ ላይ ሌላ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሲንጠለጠል ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አነሳሱ በፀጉር ያህል ከተለየ ከትንሽ ጊዜ በኋላ ፍጹም ሌላ ውዝዋዜ ነው የሚወጣው። የፊዚክሱ ሕግ ይታወቃል፣ የሚቀጥለው እንቅስቃሴ ግን አይገመትም። ይህ እንቅስቃሴ ነው ኦርጋኑን የሚያስተነፍሰው። ቁልፍ የሚነካ ሰው የለም።

መጀመሪያ ጫጫታ መስሎኝ ላልፍ ነበር። ቆይ እስቲ ብዬ ቆምኩ። ክንዱ ተገልብጦ ከላይ ሲደርስ ለአንድ አፍታ ቀጥ ይላል፣ ልክ የሚያስብ ይመስላል። ያን ጊዜ ከቧንቧዎቹ የሚወጣው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነው፤ ስስ፣ የታመመ ሰው ትንፋሽ የመሰለ። ከዚያ ክንዱ ወደ ታች ሲወረወር ከወፍራሞቹ ቧንቧዎች የሚመጣው ንዝረት ደረት ውስጥ ይገባል። በገና በቅርብ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ ጅማቱ እንዚራው (ከሥሩ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ) ላይ ሲንዘረዘር ከጆሮ ይልቅ አጥንት ነው የሚሰማው። እንደዚያ ነው። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ልጄ እንኳን፣ ሁሌ «እንሂድ እንሂድ» የምትለው፣ ዝም ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከቪየና የመጣሁት ለዚህ ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም።

ሌላው የአርጀንቲናዊቷ ፓውላ ጌታኖ አዲ ሥራ ነው። ጓናኮ የሚባለውን የግመል ዘመድ እንስሳ የመሰለ ሮቦት ሠርታ የአንዲስን ተራራ እንዲሻገር አደረገች። መንገዱ በ1817 የሆሴ ደ ሳን ማርቲን ጦር ከስፔን ነፃ ለመውጣት የተሻገረበት ነው። ልጄ የፈለገችው ሮቦት ይሄው ተገኘ። እኔ ደግሞ ያሰብኩት ወደ አድዋ ስንቅ ተሸክመው የዘመቱትን በቅሎዎች ነው። ሮቦት ሲባል ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ክንድ ብቻ ለሚታየን ሰዎች፣ የአንድን ሕዝብ ታሪክ በእግሩ የሚያስታውስ ማሽን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ያልወደድኩትም አለ። አንድ ሥራ ፊት አንድ ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ተለጥፏል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥራው ግን ስክሪን ላይ የሚለዋወጥ ምስል ብቻ ነው፤ ጽሑፉን ብታነሱት የሚቀር ነገር የለም። ስሙን አልጠራም፣ ልፋት አለበት። ግን እንዲህ ያለ ሲገጥማችሁ ቶሎ አልፋችሁ ሂዱ፣ ጊዜ የላችሁም። መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ሳታነቡ ሥራው ምንም ካላላችሁ፣ አንብባችሁም አይላችሁም። የኦርጋኑን ጽሑፍ እኔ ያነበብኩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ፦ ጠይቁ። ሠሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሥራቸው አጠገብ ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ሙዚየም ውስጥ ይህ የለም። እኔ መጀመሪያ አፈርኩ፣ እንግሊዝኛዬም ጀርመንኛዬም እንደ አርቲስት አይደለም። አንዷን ልጅ «ይሄ ሽቦ ምን ይሠራል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኳት። ፊቷ በራ። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አሳየችን፣ የተቃጠለባትንና እንደገና የቀየረችውን ክፍል ሳይቀር። ለልጄ «ንኪው፣ አይቆጣሽም» አለቻት።

ልጆች ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አትስጉ። ከ19 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የራሳቸው ውድድርና የራሳቸው ቦታ አለ። ልጄ እዚያ ገብታ ቀጭን ሽቦ በጋለ ብረት እያቀለጠች መበየድ ተማረች። ያስተማራት ወጣት እጇን አልያዘም፤ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሱም የራሱን እየበየደ «ቀስ በይ፣ ይጭሳል፣ አሁን አንሺ» ይላታል። ትንሿ መብራት ስትበራ የጮኸችው ጩኸት! ከዚያ በኋላ ስለ ሮቦት መጠየቅ ተወች፣ ስለ ባትሪ ሆነ ጥያቄው ሁሉ።

ምሳ ይዛችሁ ሂዱ። እኛ እንጀራ ፍርፍር በዕቃ ይዘን ነበር፣ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን በላን። ለጣፋጭ ሊንዘር ቶርተ ገዛን፤ ከላይ እንደ መረብ የተጠላለፈ፣ ውስጡ ቀይ ማርማላታ ያለበት የከተማው ኬክ ነው። ከቡና ጋር ይሄዳል። ቡናውን ግን አልነግራችሁም፣ ቡና ከቤት ነው።

ከሰዓት በኋላ በትራም ዳኑብን ተሻግረን አርስ ኤሌክትሮኒካ ሴንተር ሄድን። ሙዚየሙ በ1996 ነው የተከፈተው፣ ሕንፃው በ2009 ተስፋፍቷል፤ ሲመሽ የመስታወት ግድግዳው በብርሃን ይለዋወጣል። እዚያ «ዲፕ ስፔስ» የሚባለውን ክፍል ሳታዩ አትውጡ። ሰው ስለሚበዛ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ግድግዳው 16 በ9 ሜትር ነው፣ ወለሉም 16 በ9 ሜትር፤ ሁለቱም ላይ ምስል ይፈሳል። መነጽር አድርገን ስንገባ ያሳዩን በሌዘር ተለክቶ በነጥብ በነጥብ የተሠራ የጥንት ሕንፃ ነው። ጣሪያው ላይ ወጣን፣ በግድግዳው ውስጥ አለፍን፣ ከዚያ ወለሉ ከእግራችን ሥር ወደ ታች ሄደ። ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

እዚያ ቆሜ ላሊበላን አሰብኩ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው ዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክቶ መዝግቧቸዋል። መረጃው አለ ማለት ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በዚያ ወለል ላይ ተዘርግቶ፣ ከመስቀሉ ጣሪያ ጀምሮ እስከ ጉድጓዱ ሥር ሲወርድ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ዳር ቆመው ቁልቁል ሲያዩት... ይህን የሚያገናኝ ሰው ካለ እባካችሁ አስቡበት። የምሬን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እዚያው አስገረመኝ። ፌስቲቫሉ ከ1987 ጀምሮ ሽልማት ይሰጣል፤ ትልቁ «ወርቃማ ኒካ» ይባላል። በ1999 ለሊኑክስ፣ ማንም ሰው በነፃ ለሚጠቀምበትና ለሚያሻሽለው የኮምፒውተር ሥርዓት ተሰጠ፣ በ2004 ለዊኪፔዲያ። ዊኪፔዲያ ያን ጊዜ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር! ልጄ የቤት ሥራዋን የምትሠራበት፣ እኔ በአማርኛ ገብቼ የማነብበት ነገር፣ ሰው ገና ሳያምነው እነዚህ ሰዎች «ይህ ጥበብ ነው» ብለው ሸለሙት። ስለዚህ ዘንድሮ ግራ የገባኝን ሥራ ሁሉ ዝም ብዬ ልናቅ አልፈልግም።

አንድ ቀን ይበቃል ወይ? አይበቃም። ግን አንድ ቀን ብቻ ካላችሁም ሂዱ። ሁሉን ልይ ካላችሁ ምንም አታዩም፣ እግራችሁ ብቻ ይደክማል። ጠዋት ፖስትሲቲ ገብታችሁ አራት አምስት ሥራ መርጣችሁ ቁጭ በሉባቸው፣ ከሰዓት ወንዙን ተሻግራችሁ ዲፕ ስፔስ፣ በቃ። ምቹ ጫማ አድርጉ። ሹራብም ያዙ፣ ኮንክሪቱ ውስጥ ከውጭ ይበርዳል። ከ10 ነጥብ 8 እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱን ያስቀረሁት ለአዲስ ሰው መግቢያው ስለሚከብድ ነው፣ ከየት እንደሚጀመር የሚነግራችሁ ወዳጅ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ማታ ባቡር ላይ ልጄ መብራቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ አብርታ ትታዋለች። ከተማው ካለፈ በኋላ ውጭው ጨልሞ ያቺ መብራት ብቻ መስታወቱ ላይ ትታያለች። «ለአክስቴ ለእንቁጣጣሽ ልላክላት?» አለችኝ። ባትሪው እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ ተነጋገርን።