«እጀታው ኦሪጅናል ነው» ሲሏችሁ ብሎኑን አስፈቱ

እዚህ አሜሪካ የድሮ ሽጉጥ ለምትሰበስቡ ወገኖች ነው የምጽፈው። ሰሞኑን ጉድ ሆኛለሁ፤ እናንተም እንዳትሆኑ።

ቅዳሜ ዕለት የጦር መሣሪያ ባዛር ሄጄ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው አንድ ሪቮልቨር (ጥይት መያዣው የሚሽከረከር ሽጉጥ) ዓይኔ ገባ። ጥይቱ 38 የሚባለው መጠን፣ «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ» የሚሉት ሞዴል ነው። ሻጩ ጠና ያለ ሰውዬ ነው፣ አፉ ማር። «በ1927 የተሠራ ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው ያለው፣ እንጨቱም ሳይቀር» አለኝ። «እንጨቱም ሳይቀር» ለምትለዋ ቃል ብቻ 250 ዶላር ጨመርኩ። በጥሬ ገንዘብ!

ማታ ቤት ገብቼ መብራት ስር ሳየው ነው የነቃሁት። የእጀታው አናት ላይ ብርማ ክብ ሜዳልያ አለች፣ የፋብሪካው ምልክት ያለባት። ታምራለች። ግን 1920ዎቹ ውስጥ ፋብሪካው የእንጨት እጀታ ላይ ሜዳልያ አያደርግም ነበር። ከዚያ በፊት ወርቃማ ነበረች፣ ቀረች፣ ብርማዋ የመጣችው ወደ 1930 ገደማ ነው።

ይቺን ያየ ሰው ወዲያው መጠርጠር ነበረበት። እኔ ግን ቀጠልኩ። እንጨቱ ወደ ላይ ወጥቶ የብረቱን ትከሻ ሸፍኖታል። ይኼ «ማግና» የሚባለው ዓይነት ነው፤ በ1935 357 ማግነም ከሚባለው የፋብሪካው ሪቮልቨር ጋር የመጣ። የድሮዎቹ ዝቅ ብለው ያልቃሉ፣ ከላያቸው ብረቱ ይታያል።

ሦስተኛዋ ናት የገደለችኝ። እንጨቱ እንዳያንሸራትት የተቀረጸው ጥርስ ጥርስ መስመር እስከ ብሎኑ ድረስ ይሄዳል። እስከ 1968 ድረስ የነበሩት ማግናዎች ግን ብሎኑ ዙሪያ ሳይቀረጽ የተተወ የአልማዝ ቅርጽ አላቸው። የኔው ላይ የለም። ሽጉጡና እጀታው በትንሹ 40 ዓመት ይበላለጣሉ ማለት ነው!

ማረጋገጫው ከውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካው እጀታውን ለእያንዳንዱ ሽጉጥ ለክቶ ስለሚገጥም፣ የሽጉጡን መለያ ቁጥር በቀኙ እንጨት ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጽፈው ወይም ይመታው ነበር። በእርሳስ ከሆነ ይደበዝዛል፤ እንጨቱን ዘንበል አድርጋችሁ መብራት አሳዩት። ከዚያ ከመያዣው ስር ብረቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዩ። የኔው ውስጡ ጥርግ ያለ ነው፣ አንዲት ጭረት የለም።

ስትፈቱ ግን እንደኔ ቢላ እንዳታስገቡ። ጠርዙን አነሳሁትና ያ የማይረባ እጀታ እንኳን ተበላሸ። መጀመሪያ ሽጉጡ ጥይት እንደሌለው እዩ። ከዚያ ልኩ በሆነ ካቻቪቴ ብሎኑን ጥቂት ዙር አላሉት፣ ግን አታውጡት፤ የብሎኑን አናት በካቻቪቴው እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ ስታደርጉት የወዲያኛው እንጨት ራሱ ይለቃል።

እጀታ መቀየር ነውር አይደለም፣ ሰው እንደ እጁ ይቀይራል። ሽጉጡም ራሱ በቁጥሩ ሲታይ የዘመኑ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የከፈልኩት ግን ለሌለ ነገር ነው። እሁድ ጠዋት ተመልሼ ስሄድ ሰውዬው ጠረጴዛውን አንስቶ ሄዷል። ደረሰኙ ላይ ያለው «አንድ ሪቮልቨር» ብቻ ነው፤ ስለ እጀታው አንድ ቃል የለም። እናንተ «ቁጥሩ የገጠመ እጀታ» ብሎ ሳይጽፍላችሁ ብር እንዳታወጡ። ካቻቪቴ ስታሳዩት ፊቱ ከተለወጠ ደግሞ ጥላችሁት ሂዱ።